የእማሆይ ሦስተኛዋ ጠገራ

ማክሰኞ

«ይች የእናቴ ጠገራ አይደለችም» አለች ደብሬ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት። የባሌ እህት ናት። ለውጠሻታል ማለቷ ነው። ልጇ በዚህ ጥር ትዳራለች፤ አማቴ እማሆይ ሲመነኩሱ በአደራ የሰጡኝን ሦስት ጠገራ ብሮች ለሙሽራዋ አንገት ብዬ ከሣጥኔ አወጣኋቸው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው። ሦስተኛዋ ነጣ ትላለች፤ ጠርዟም በአንድ በኩል ልሙጥ ነው። ያን ያህል ዘመን በጨርቅ ተቋጥረው ሲቀመጡ ለካ አንድ ቀን እንኳ ፈትቼ አላየኋቸውም።

ባሌ አያሌው ጠገራዋን ተቀብሎ ደጋግሞ አገላበጣት። መጠራጠሩ ከእህቱ ንግግር ይልቅ አመመኝ።

ረቡዕ

ሥራ አልያዝ አለኝ። ከአሮጌ ሬዲዮ የወጣ ማግኔት አስጠጋሁ፤ ሦስቱንም አልሳበም። ደስ አለኝ። ቀጥዬ ድንጋይ ላይ ጣል ጣል አደረግኋቸው። ሁለቱ እንደ ቃጭል ጮኹ። ሦስተኛዋ ጠቅ ብላ ቀረች። መልሼ በጨርቁ ቋጠርኋቸው።

ሐሙስ

ክረምት ጎርፉ ቤታችን ሲገባ ሣጥኑን ጎረቤቴ ታንጉት ዘንድ ነበር ያስቀመጥሁት፤ የሷ ቤት ከፍታ ላይ ነው። ዛሬ ሣጥኑን የነካ ሰው ካለ ልጠይቃት ሄድሁ። ደጃፏ ላይ ሩዝ ታበጥራለች። «ነይ ተቀመጭ። ምነው ከሳሽ?» አለችኝ። ምን ብዬ ልጠይቃት? ያኔ ልጆቼን በጀርባዋ አዝላ ያሻገረች ሴት ናት። ጨው ልበደር ነው የመጣሁት አልሁ። ጨው ይዤ ተመለስሁ። ቤቴ ጨው ሞልቷል።

ዓርብ

አያሌው በማለዳ «ተነሽ፣ ይፋግ እንሂድ» አለኝ። እዚያ አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ አሉ። ደብሬም «እኔም በጆሮዬ ልስማ» ብላ ተከተለችን። 

አንጥረኛው ጠገራዋ ላይ ያለችውን ሴትዮ አዩ፤ ገልብጠው ባለ ሁለት ራሱን አሞራ አዩ። ከዚያ ጠርዟን በጣታቸው እያዞሩ ዳሰሱ።

«ቀልጦ የተሠራ ሐሰተኛ ቢሆን ገጹ ሽፍ ሽፍ ይላል፤ የጠርዙም ጽሑፍ ድፍን ነው። የዚች ጽሑፍ ጥርት ያለ ነው፤ እዚህ ጋ ብቻ ጠፍቷል።» ልሙጡን ቦታ በሞረድ ጫር ሲያደርጉት እርሳስ የመሰለ ግራጫ ነገር ወጣ። «ማንጠልጠያ ተበይዶባት ነበር። ሲነቀል ብየዳው ቀረ፤ ድምፅዋን ያፈነባት እሱ ነው። ነጭ ያደረጋትም ያኔ ሲበየድ የተቀባችው ቅብ ነው። ተነካክታለች እንጂ እውነተኛ ናት።»

«ተመስገን» አልሁ። ደብሬ ግን «ማን ነቀለው ታዲያ? እናቴ ጠገራ አንጠልጥላ አይቻት አላውቅም» አለች።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ እማሆይ ወዳሉበት ወደ አንበሳሜ ሄድን። ዓይናቸው ደክሟል። ደብሬ ሦስቱንም መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው። አውራ ጣታቸው ልሙጡ ላይ ሲደርስ ሳቁ።

«ይችማ በሙሽርነቴ አንገቴ ላይ የነበረችው ናት! አንች ሳትወለጅ፣ አባትሽ ታሞብኝ ልሸጣት ማንጠልጠያዋን አስነቀልሁ። ነጋዴው ተነካክታለች ብሎ እምቢ አለኝ። አባትሽም ዳነ፣ እሷም ተረፈችልኝ።»

ደብሬ መሬት መሬት አየች። ስንመለስ መንገዱን ሁሉ እጄን ይዛ መጣች። ይቅር በይኝ ማለት ከብዷት ነው መሰል፣ ወረታ ስንደርስ «ለሙሽራዋ አንች እሰሪላት፤ እኔ እጄ ይንቀጠቀጣል» አለችኝ። እሺ አልኋት።

ቂሙ ጨርሶ ለቀቀኝ አልልም። ግን ስንት ቀን እንዳልበላ ሰው፣ እህል ዛሬ ገና ጣመኝ።