አንድ በር፣ አንድ ማመልከቻ

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ዓይንሽስ? ጋሼ በስልክ፣ የግራው ብሶባት መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ትታለች ብሎኛል። ጉልበትሽ ደረጃውን ለመውጣትና ለመውረድ አላስቸገረሽም? እንቅልፍሽስ ተስተካከለልሽ? እኔ፣ ናፍቆትሽና የምጽፍልሽ ነገር ክብደት ካልሆነ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ትንሿም ደህና ናት። የሁለት ልጆች እናት ብትሆንም እኔና ጋሼ፣ ሁለቱ ወንድሞቿ፣ ዛሬም ትንሿ ነው የምንላት። ልጆቿም ደህና ናቸው፤ ትልቁ የፊት ጥርሶቹ ወልቀው ሲስቅ መስኮቱን ሳይዘጉ የሄዱበት ቤት መስሏል።

ደብዳቤውን የሚያነብልሽ ጋሼ እንደሆነ አውቃለሁ። ጋሼ የሚያስከፋ ነገር ሲያጋጥመው ጉሮሮውን ጠርጎ ወደሚቀጥለው መስመር የመዝለል አመል አለው። ጋሼ፣ ዛሬ አደራህን እንዳትዘል። መሃሉን ከዘለልከው መጨረሻው አይገባትም።

እማዬ፣ ባለፈው በላክሽብኝ መልእክት፣ ቤት ከሚሰጥበት ቢሮ ተቀምጠህ እህትህን መጋረጃ ጀርባ ታኖራለህ ወይ ብለሻል። አንድ ቃል ብትናገርላት ምን ይጎድልብሃል ብለሻል። ትንሿ የራሷ ቤት ስትገባ መጥተሽ ከእሷ ጋር ለመቀመጥ፣ እግረ መንገድሽንም ዓይንሽን እዚህ ለመታየት እንዳሰብሽ አውቃለሁ። ሻንጣሽን ከቁም ሳጥኑ አናት እንዳስወረድሽም ጋሼ ነግሮኛል። ስለዚህ ወሬውን ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው። ትንሿ በዚህ ዙር ዕጣ ውስጥ የለችም። ያስወጣኋትም እኔ ነኝ። ከመቆጣትሽ በፊት እንዴት እንደሆነ ላስረዳሽ።

የእኔ ቢሮ ቤት የሚሰጥበት አይደለም፤ ቤት የሚጠየቅበት ነው። ከተማው አቅሙ ለደከመ ሰው በዝቅተኛ ኪራይ የሚያከራያቸው ቤቶች አሉ። ቤቶቹ ጥቂት፣ ፈላጊው ግን እንደ ጉድ ነው። ድሮ ቀድሞ የተሰለፈ ነበር የሚያገኘው። ጉልበት ያለው፣ ወይም ወረፋ የሚይዝለት ሰው የቀጠረ፣ ፊት ይቆማል፤ እርጉዟና ሽማግሌው ከኋላ ይቀራሉ። አንዳንዱ ደግሞ በአያቱ፣ በአጎቱ ልጅ፣ በሠራተኛው ስም እያመለከተ ሁለት ሦስት ቤት ይወስድና መልሶ ያከራያል። አምና ይህን የሚተካ ሥርዓት አውጡ ተባልንና ሦስታችን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። እኔ፣ ኃላፊያችንና የኮምፒውተሩን ሥራ የሚሠራው ባልደረባችን። ባልደረባችንን "ነጥብ" ነው የምንለው፤ ያላየውን እንኳ በነጥብ ይለካል። ሻይ ሲመጣለት ቀመስ አድርጎ "ከአስር አራት" ይላል።

በሠራነው ሥራ አላፍርም፣ እማዬ። አሁን ማንም ሰው ከስልኩ ወይም ከመስኮታችን ማመልከት ይችላል። በመጀመሪያው ቀን የመጣና በመጨረሻው ቀን የመጣ እኩል ነው። ዕጣው ስም አያይም፤ ሕፃናት ላሉት፣ አካሉ ለተጎዳና ጣሪያው ለሚያፈስ ሰው ግን ዕድሉን ከፍ ያደርጋል። አንድ ነገር ብቻ ነበር ያስቸገረን፤ በዘመድ አዝማድ ስም ደጋግሞ የሚያመለክተውን በምን እንያዘው? ሕዝቡን ሰብስበን ጠየቅን። አንድ ጡረተኛ ከኋላ ወንበር ተነስተው፣ "እኔ የምለው አጭር ነው። አንድ በር፣ አንድ ማመልከቻ። ሰው ስሙን ይቀያይራል፣ በሩን የት ይወስደዋል?" አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ። እያንዳንዱ በር ከተማው የለጠፈበት ቁጥር አለው፤ ለቁጥጥርም ቀላል ነው። ነጥብ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ "ከአስር አስር" አለ። መስፈርት ሆኖ ተጻፈ።

ምዝገባው ሲከፈት ኮምፒውተሩ ከአንድ በር የመጣውን የመጀመሪያውን ማመልከቻ ይቀበላል፤ ሁለተኛውን "ከዚህ በር ማመልከቻ ቀርቧል" ብሎ ይመልሳል። በመጀመሪያው ሰሞን የሚመለሰው ብዛት አስደሰተን። ነጥብ አንድ ውድቅ በመጣ ቁጥር "ያዝነው" እያለ ጠረጴዛውን ይመታ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ትንሿ ከስፌት ፋብሪካው በምሳ ሰዓቷ ደወለችልኝ። "ቢሮህ መልሶኛል። ምን አጥፍቼ ነው?" አለችኝ። ሄጄ ባየው፣ ስንደሰትባቸው ከነበሩት አንዷ እሷ ናት።

የምትኖርበትን ቤት ስላላየሽው ልንገርሽ። አማቷ የተከራዩት ቤት ነው። አማቷ ከፊት ለፊት፣ ሹፌሩ ትልቅ ልጃቸው ከሚስቱ ጋር በቀኝ በኩል፣ ትንሿና አናጺው ባሏ ከነልጆቻቸው ከመጋረጃው ጀርባ ይኖራሉ። ሦስት ቤተሰብ፣ ሦስት ምድጃ፣ አንድ በር። ሹፌሩ በመጀመሪያው ቀን ተሳፋሪ እስኪሞላለት ድረስ መሪው ላይ ተደግፎ ከስልኩ አመልክቶ ነበር። ለማንም አልተናገረም። ሲታወቅ ወንድማማቾቹ ተኳረፉ፤ ሚስቶቹ በአንድ ገመድ ላይ ልብስ ማስጣት ተዉ። በኋላ አማቷ ሹፌሩን ጠርተው፣ "አንተ ገና አልወለድክ፣ ተወው" አሉት፤ ተወላት። ትንሿ ዕጣው ውስጥ ገባች። የምሥራቹን የሰማሽው ያን ጊዜ ነው።

እኔም በዚያው ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሌላው ሰው ግን ሽማግሌ አማት የለውም። ወደ መስኮታችን የሚመጣው ሁሉ ያንኑ ነው የሚለው። አከራዩ ቀድሞ አመልክቶበት ደባሉ የተመለሰ፤ እህትማማቾች ተሰዳድበው የመጡ፤ ባሏ የሞተባት ሴት በባሏ ወንድም የተቀደመች። እውነተኛው ባለ ብዙ ቤት ግን የየራሱ በር ስላለው በየበሩ አመልክቶ ተቀምጧል። መረባችን ትልልቁን አሳልፎ ትንንሹን ነው የያዘው።

ከዚያ ሰዉ በር መክፈት ጀመረ። ቀልዴን አይደለም፤ ግድግዳ እየበሳ። አዲስ በር ካለ አዲስ ቁጥር ይለጠፋል፣ ቁጥር ካለ ማመልከቻ ይቀበላል። የትንሿ ባል ሥራ በዛበት። አንድ እሁድ መቃን እየላገ አገኘሁትና፣ "መቼም ከመንግሥት ቢሮ ወጥቶ እንዲህ የጠቀመኝ ነገር የለም። ሰፈሩ ሁሉ በር በር ይላል። ምነው መስኮትም በጨመራችሁበት" ብሎ ሳቀብኝ። ቀጥሎ መላጊያውን አስቀመጠና፣ "ግን አንተዬ፣ እኔ በሩን እንጂ ግድግዳውን አልሠራውም። ግድግዳው ይችለው አይችለው የሚጠይቅ የለም" አለኝ። ያን ሰሞን ከእነሱ ቤት ጀርባ ያለች አንዲት ልብስ አጣቢ የተከራየችበት ክፍል ግድግዳ አዲስ በር በተከፈተበት ቦታ ተሰንጥቆ ወረደ። ጣሪያው አልጋው ላይ ተኛ። እሷ ሥራ ላይ፣ ልጇ ትምህርት ቤት ስለነበሩ ተረፉ። ሄጄ አየሁት። ግድግዳው ፈርሶ አዲሱ በር ግን በመቃኑ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ግራና ቀኙ ባዶ ነው። ሴትየዋ ቁጥር ሳይለጠፍላት በጠመኔ ራሷ ጽፋበታለች። እኔ ከየት እንደመጣሁ አታውቅም፤ "ወንድሜ፣ እስቲ ይቺን ቆርቆሮ ያዝልኝ" አለችኝ። ያዝኩላት።

በማግስቱ ኃላፊያችን ዘንድ ገባሁና መስፈርቱ ይቀየር አልኳቸው። ቀልድ የማይወዱ፣ ሥራ የሚያውቁ ሴት ናቸው። "እኔም አይቼዋለሁ፤ ግን እኔ ወሳኝ ነኝ፣ አቅራቢ ልሆን አልችልም። ዕጣው ውስጥ ዘመድ አለህ?" አሉኝ። እህቴ አለች አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ምዝገባ ከተከፈተ በኋላ መስፈርት ይቀየር ብሎ የሚያቀርብ ሠራተኛ በዚያ ዙር ዘመድ እንዳይኖረው የሚከለክል አንቀጽ አለ። ድሮ መሃል ላይ መስፈርት እየቀየሩ ለወንድም ለእህት ያደሉ ስለነበሩ ሦስታችንም አምነንበት የጻፍነው ነው። "እንግዲህ ምርጫው ያንተ ነው። ዝም ካልክ እህትህ ትቆያለች፣ ስህተቱን ለሚመጣው ዙር እናርመዋለን። ካቀረብክ እሷ ትወጣለች። የሚመጣው ዙር መቼ እንደሆነ ግን አትጠይቀኝ፤ አላውቅም" አሉኝ።

መጀመሪያ ነጥብን ለመንኩት፤ አንተ አቅርበው፣ ዘመድ የለህም አልኩት። ጭንቅላቱን አከከና፣ "እንዲህ ያለ ቤት ገብቼ አላውቅም። ኮሚቴው ሁለት ጥያቄ ቢጠይቀኝ ሦስተኛው ላይ እወድቃለሁ" አለኝ። እውነቱን ነው።

ስለዚህ ትንሿ ዘንድ ሄድኩ። እማዬ፣ የነገረችኝን ሳልቀንስ ልጻፍልሽ። የልጇን ሱሪ ጉልበት እየጠገነች ሰማችኝ። "ቢሮው ውስጥ እህት የሌለው ሰው ጠፋ?" አለችኝ። ስለ ነጥብ ነገርኳት። "ታዲያ አንተስ ምን ታውቃለህ? በየእሁዱ እዚህ ቁጭ ብለህ በልተሃል። ይሄን መጋረጃ በእጅህ ገልጠህ ነው የምትገባው። አንድ በር ሲሉ ስታጨበጭብ የት ነበርክ?" አለችኝ። አናጺው ከውጭ ሆኖ "ተይው እንጂ" አላት። "አልተወውም። ለልብስ አጣቢዋ አዝኖ ነው የመጣው። እኔም እኮ አዝንላታለሁ። የሚከፍለው ግን እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ" አለች። ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ "አቅርብ አልልህም። አታቅርብ ብዬም የሰው እንባ አልሸከምም። ለእማዬ ግን ራስህ ትነግራታለህ፤ እኔ አልነግራትም" አለችኝ።

አቀረብኩት። ከበላዩ ስሜን፣ ከሥሩ ትንሿ እህቴ መሆኗን ጻፍኩበት። ኮሚቴው ከብዙ ክርክር በኋላ ተቀበለው። አሁን የሚቆጠረው በር ሳይሆን ገቢና ወጪው አንድ የሆነ ቤተሰብ ነው፤ ለዚህም ዘመድ ያልሆኑ ጎረቤቶች ይመሰክራሉ። የተመለሱት ሁሉ እንደገና ተጠሩ፤ ምዝገባውም ተራዘመ። ልብስ አጣቢዋ ገብታለች። የአከራዮቹ ደባሎች ገብተዋል። ሹፌሩም እንደገና አመልክቶ ገብቷል። ለትንሿ ቦታውን የለቀቀላት ሰው ገብቶ እሷ ቀረች። ፍትሕ ነው ወይ ብትዪኝ፣ ለብዙው ሰው አዎ፤ ለእሷ ግን አይደለም። ኃላፊያችን እንደሚሉት ደግሞ ጎረቤት በውሸት ሊመሰክር ይችላል። ጥቂት አጭበርባሪ ሾልኮ ቢገባ ይሻላል ብለን ነው የወሰንነው። ልክ መሆናችንን ዕጣው ከወጣ በኋላ እናየዋለን።

ባለፈው እሁድ እንደ ወትሮው ሄጄ ነበር። አልከለከለችኝም። ምግቡን አቀረበችልኝና ከመጋረጃው ጀርባ ገባች፤ እስክወጣ አልተመለሰችም። ልጆቹ ጭኔ ላይ ወጥተው ሲጫወቱ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። አናጺው ሸኘኝና መንገድ ላይ፣ "ጊዜ ስጣት፤ እኔ ራሴ ገና አልበረደልኝም" አለኝ። በዚህ እሁድም እሄዳለሁ።

አሁን ስለ አንቺ። ከእሷ ጋር የመቀመጥሽ ነገር ለጊዜው ቀርቷል። ዓይንሽ ግን ዙር አይጠብቅም። የእኔ ክፍል አንዲት ናት፤ አልጋው ያንቺ ይሆናል፣ እኔ ወለሉ ላይ ፍራሽ አነጥፋለሁ። የቤቱ ባለቤት እንግዳ ማሳደር አይፈቅዱም። እናቴ ናት፣ ለሕክምና ነው አልኳቸው። አሰብ አድርገው፣ "ሕክምናው እስኪያልቅ ትምጣ፤ ውሃ ስትጠቀም ትጠንቀቅ" አሉ። ሐኪም ቤቱንም ጠይቄያለሁ፣ በአውቶቡስ ቅርብ ነው። ሻንጣውን ወደ ቦታው አትመልሺው። ከሴት ልጅሽ ቤት መግባትን እንጂ ከእኔ ጠባብ ክፍል መታጨቅን እንዳላለምሽ አውቃለሁ።

ትንሿ ስትደውልልሽ ለእኔ አትከራከሪልኝ። ምክንያቱን ደርድረሽ አታስረጃት፤ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። የምትለውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ስሚያት። እዚህ ሁሉም ሰው "ትልቅ ነገር አደረግሽ" እያለ አፏን ያዘጋታል። አንቺ እንደዚያ አትበያት።

ለጋሼ ሚስት ብዙ ሰላምታ አድርሺልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክ ሆኖኛል፣ ለብሼው ነው የምጽፈው። ለትልቋ ልጃቸው፣ ስለ ፈተናዋ የሰማሁት አኩርቶኛል በያት፤ መንታዎቹን ሳሚልኝ፣ ከጣሪያው ወርደው እንዲጫወቱም ንገሪልኝ። ለጎረቤታችን ለእትዬ፣ ጆሯቸው ካልሰማ ጮክ ብለሽ፣ ያ ልጅዎ ሰላም ብሎዎታል በያቸው።

ጋሼ፣ አንተም ሰላም ሁንልኝ። አንብበህ ስትጨርስ እማዬ ምን እንዳለች ጻፍልኝ። አለሳልሰህ ሳይሆን፣ እንዳለችው።

ልጅሽ

ከኪራይ ክፍሌ፣ ጥቅምት 23 ቀን