ሜዳው ላይ የተሰጣው ጋቢ

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

ተክሌን ወሰዱት። ምክንያቱ ጋቢ ነው። ባሌን በጋቢ አሰሩብኝ ብል ማን ያምነኛል።

ለመጋቢት መድኃኔ ዓለም ብዬ የቤቱን ነጭ ልብስ ሁሉ በእንዶድ አጠብኩ። ያሰጡት አማቴ ናቸው። ግቢያችን ዶሮ አለ፣ መንገዱ ላይ ከብት አለ። ንጹሕ ሣር የሚገኘው ጣሊያን ቀምቶን የአውሮፕላን ሜዳ ያደረገው የገብስ መሬታችን ዳር ብቻ ነው። ከብቱ የገባበት ሰው ስለሚገረፍ ሣሩን የሚነካው የለም። አማቴ አራት ጋቢና ሁለት ነጠላ አንዱን ካንዱ አስከትለው ዘረጉት። አይቼ ዝም አልኩ፤ እንዲያውም አሰጣጣቸው አምሮኝ ነበር።

ረፋዱ ላይ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መጥተው ሜዳውን ደበደቡት። ጢሱ ሳይበርድ ወታደሮቹ ነጩን ልብስ አዩ። አውሮፕላኖቹን የጠራ ምልክት ነው አሉ። የማን ነው ሲሉ ተክሌ "የእኔ ነው" አለ። ለነሱው ቦምብ የቆፈረውን ጉድጓድ ሲደፍን የሚውል ሰው ነው እኮ። ሜዳው ጫፍ ባለው የድንጋይ መጋዘን ቆለፉበት።

ሐሙስ

ሽሮ ፍትፍት ይዘን ሄድን። የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ጨዋ ይመስላል፤ ዓይኔን ግን አያይም። "ቅዳሜ ይፈረድበታል" አለኝ። ፍርዱ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ሰላይ ያሉትን ምን እንደሚያደርጉት አገር ያውቀዋል።

አማቴ አንዱን ጋቢ ተሸክመው ነበር የመጡት። "ይኸው፣ አለቃህ ያሽትተው። ምልክት እንዶድ እንዶድ ይሸታል?" አሉት።

"እማማ፣ እኔማ ገብቶኛል። እነሱ ግን ልብስ በገመድ ነው የሚያሰጡት፤ መሬት ላይ ይሰጣል ብላቸው ማን ይሰማኛል?"

"ታዲያ ልጄ የሚሞተው ገመድ ስለሌለን ነው?"

ጋቢውን አልተቀበላቸውም። ምግቡን ግን ተቀበለን። አገልግሉ ሙልጭ ብሎ ተመለሰ። ተክሌ ይብላው ዘበኛው አላውቅም። ተክሌ ነው ብዬ ወሰንኩ።

አማቴን ክፉ አልተናገርኳቸውም፤ ሆዴ ግን ተቆጥቶ ዋለ። ማታ ጓዳ ገብተው ሲያለቅሱ ስሰማ ቁጣዬም ጠፋ። አብረን አለቀስን።

አርብ

ዛሬም ደበደቡ። አንዱ ቦምብ መጋዘኑ አጠገብ ወደቀ። ጣሪያው እንዳለ ነው፤ ከጓሯችን ይታየኛል፣ ደጋግሜ እየወጣሁ አየዋለሁ።

ከሰዓት ወታደሮቹ ዕቃ ሲጭኑና ወረቀት ሲያቃጥሉ ዋሉ። ሰፈሩ ሊሄዱ ነው እያለ ይሳሳቃል። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። የሚሸሽ ሰው እስረኛውን ምን ያደርገዋል? ይፈታዋል? ይዞት ይሄዳል? ሦስተኛውን አልጽፈውም።

ቅዳሜ፣ መድኃኔ ዓለም

አማቴ የታጠበውን ጋቢ አልለብስም ብለው ባደፈው ሄዱ። ልጃቸው ከተመለሰ ለቤተ ክርስቲያኑ ጥላ ሊያስገቡ ተሳሉ። እኔ "መልስልኝ" ብቻ ነው ያልኩት። ስለትም አይባል፣ ልመና ነው።

ቅዳሴ አልቆ ስንወጣ ሜዳው ይጨሳል። ነዳጃቸውን አቃጥለው በጅማ መንገድ ሄደዋል። ሮጥኩ። የመጋዘኑ በር ወለል ብሏል፣ ውስጡ ማንም የለም። ደም ፈለግኩ፤ የለም። ደም በማጣቴ ደስ አለኝ። ሰው በዚህም ደስ ይለዋል ለካ።

እሁድ

እንግሊዞች ከተማ ገቡ። እልልታው እስከ ቀራንዮ ይሰማል። ሰፈሩ ከብቱን ሜዳው ላይ ለቆታል። አንድ ጎረቤታችን ከመጋዘኑ የነቀለውን ቆርቆሮ ተሸክሞ ሲያልፍ "እንኳን ደስ ያለሽ" አለኝ። "እንኳን አብሮ ደስ ያለን" አልኩት። ሌላ ምን ይባላል። ተክሌ የለም።

ሰኞ

መጣ። በጓሮ በኩል ገብቶ ምሰሶውን ተደግፎ ቆመ፤ እኔም ባለሁበት ቀረሁ።

ጭነት አሸክመው ወስደውት፣ ዓለም ገናን ካለፉ በኋላ ዝናቡ ሲወርድ አምልጦ ነው። ጀርባው ተልጧል። አማቴ እግሩን እያጠቡ ተቆጡት። "ምን አስቸኮለህ የእኔ ነው ለማለት? እናቴ ናት ያሰጣችው አትልም ነበር?"

"ብልማ አንቺን ይወስዱሽ ነበር" አለ። አማቴ ቀና አላሉም፤ እግሩን ማጠባቸውን ቀጠሉ።

ከምሳ በኋላ በልጉ ሳያልፍ ሜዳውን እናርሰዋለን፣ ጉድጓዱን የት የት እንደደፈንኩ አውቃለሁ እያለ ሲያወራ እንቅልፍ ጣለው። ሁለት እንግሊዞች ጠዋት መጥተው ሜዳውን በእርምጃ እንደለኩት አልነገርኩትም። ከብት አውጡ ብለዋል። ጉድጓድ የሚደፍን ሰውም ይፈልጋሉ።

አሁን አንድ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሜዳው ላይ ይዞራል። ሊያርፍ ነው መሰለኝ። ተክሌ እንዳይነቃ በግራ እጄ ጆሮውን ሸፍኜ፣ በቀኜ ይህን እጽፋለሁ።