ኳሱ ይሂድ

ውድ የልጄ አባት፣

ያን ማክሰኞ ከቤት ከወጣህ ወዲህ ደጋግሜ ደውዬልሃለሁ። መጀመሪያ ላይ አንስተህ "እየነዳሁ ነው" ብለህ ዘጋኸው፤ ከዚያ ወዲያ ጭራሽ አላነሳህም። ወረቀት ግን እንደ ስልክ አይዘጋም። ብትቀደው እንኳ ከመቅደድህ በፊት አንድ ሁለት መስመር ታያለህ ብዬ ነው የምጽፍልህ። ተናድጃለሁ፤ አልደብቅህም። ናፍቀኸኛልም።

ከሁለት ዓመት በፊት ከረጅም የጭነት መንገድ ተመልሰህ ገና ጫማህን ሳታወልቅ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ይቺ ልጅ ከበር ውልፍት እንዳትል!" ያልከኝን ታስታውሳለህ። ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ለምን ብልህ "መኪና አለ፤ በቃ!" አልክ። ፊትህ አመድ መስሎ ስለነበር አልተከራከርኩህም። እውነቱን ለመናገር ለእኔም ተመችቶኝ ነበር። የሰው ልብስ በቀጠሮ የምሰፋ ሴት ነኝ፤ እኔ ከስፌት ማሽኔ ጋር ስታገል እሷ ብስኩቷን ይዛ ቴሌቪዥኑ ፊት ጸጥ ትላለች። አንተ ደግሞ ከየመንገዱ ብስኩትና ለስላሳ በካርቶን እየጫንክ ትመጣለህ። ካርቶኑን ስትከፍትላት ከእሷ ይልቅ የምትደሰተው አንተ ነበርክ። "የኔ ድንቡሼ!" እያልክ ጉንጯን ስትስም እኔም አብሬህ እስቅ ነበር።

ባለፈው ዓመት ካርዷን ልንቀበል እኔና እሷ ትምህርት ቤት ሄድን። ወደ ክፍሏ የሚያስወጣው ደረጃ መሃል ስትደርስ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ትንፋሿ ያፏጫል። "እማዬ፣ አንቺ ውጪ፤ እኔ እዚሁ እጠብቅሻለሁ" አለችኝ።

"ሁልጊዜ እንዲህ ትሆኛለሽ?"

"ሌሎቹ እስኪያልፉ እጠብቅና ቀስ ብዬ ነው የምወጣው።"

ስምንት ዓመት እንኳ ያልሞላት ልጅ፣ ሰው እንዳያያት ተደብቃ ደረጃ ትወጣለች! በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሟ የደም ግፊቷን ለካች፤ ማመን አቅቷት ደግማ ለካች። "ይሄ የትልቅ ሰው ግፊት ነው" አለችኝ። ምን ምግብ ልከልክላት ብዬ ብጠይቃት ተቆጣችኝ።

"እንዳታስርቢያት! እያደገች ያለች ልጅ ናት። ለስላሳውና ብስኩቱ ከቤት ይውጣ፤ አንቺም አባቷም ተዉት። አብራችሁ ብሉ። ደግሞ በየቀኑ ላብ በላብ እስክትሆን ትጫወት። ከማን ጋር ነው የምትጫወተው?"

ልጃችን ቀደመችኝና "ከቴሌቪዥኑ ጋር" አለቻት። ሐኪሟ አልሳቀችም።

ያን ዕለት ስደውልልህ፣ "ልጅ ድንቡሽቡሽ ሲል ያምርበታል፤ የሐኪም ሥራው ማስፈራራት ነው" አልክ። "እሺ፣ ውጭ ወጥታ ትጫወት" ስልህ ስልኩ ተቋረጠ። ኔትዎርክ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ስለዚህ አንተ መንገድ ላይ ሳለህ ብቻዬን ጀመርኩት። ለስላሳው ባለቀ ሰሞን ማንኪያ ወርውራብኛለች፤ "አባዬ ቢኖር ኖሮ!" እያለች አልቅሳብኛለች። እኔም ሻዬን ያለ ስኳር ለመጠጣት ስሞክር ፊቴን አይታ በሳቅ ፈረሰችና ታረቅን። ማታ ማታ የደንበኞቼን ጨርቅ ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፍተን አብረን መብላት ለመድን። ጎመኑን በሹካ እየገፋች ሳህኑ ጫፍ ታደርሰዋለች። አላስገድዳትም፤ ዝም ብዬ እየበላሁ አወራታለሁ። አንድ ቀን ወሬው ሲጥማት ጎመኑን ሳታውቀው ጨረሰችው። ጠዋትም ታክሲውን ትተን ትምህርት ቤት በእግራችን መሄድ ጀመርን። ከቁርጥራጭ ጨርቅ ገመድ ጎንጉኜ ሳሎን ውስጥ አብሬያት ስዘል፣ ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን እትዬ መምህር በሩን አንኳኩተው፣ "ምኑን ነው የምትሰባብሩት?" አሉ። ጉልበቴ ነው ብላቸው ሳቁ። ቀጥለው ግን ኮስተር ብለው፣ "ልጅቷን ከልጆች ጋር አገናኚያት፤ ውጭ ከሆነች እኔም ዓይኔን ከእሷ ላይ አላነሳም" አሉኝ።

ከማስወጣቴ በፊት ግን አስተማርኳት። መንገዱ ጠርዝ ላይ አቆማትና ኳሱን እኔው ራሴ ወደ መንገዱ እለቀዋለሁ። የመጀመሪያው ቀን እንደ ጥይት ተፈተለከች፤ በቀሚሷ ጎትቼ አስቀረኋት። "ኳሱ ይሂድ!" አልኳት። በማግስቱም ደገምነው፤ ከዚያም በኋላ ሰለቸኝ ሳልል ደጋገምነው። በመጨረሻ ራሷ ቆማ፣ እጇን አጣጥፋ፣ እንደ ትልቅ ሰው "ኳሱ ይሂድ" ማለት ጀመረች፤ ያኔ ከሰፈሩ ልጆች ጋር አስወጣኋት። ከጥቂት ወራት በኋላ ሐኪሟ ጋ ስንመለስ ግፊቷ ወርዶ ነበር። ክብደቷ ብዙ አልቀነሰም፤ ሐኪሟ ግን "ቁመቷ ይደርስበታል፤ በዚሁ ቀጥሉ" አለችን። ይህን ላበስርህ ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ፈራሁህ።

በዚያው ሰሞን ጓደኛህ፣ ያ ጡሩምባ የምትሉት ሾፌር፣ ሱሪውን ሊያሳጥር መጣ። ልጃችን ጉንጯ ቀልቶ ከውጭ ስትገባ አየና ደነገጠ። "እሱ ፈቀደ እንዴ?" አለኝ። ወደ ሱሪው ሳቀረቅር ገባው። ከዚያ ሁሉንም ነገረኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ኳስ ተከትሎ ከፊትህ ዘው ያለውን ሕፃን። ፍሬን ስትይዝ መኪናው እንዴት እንደተንሸራተተ። ሕፃኑ ጎማው ፊት ምንም ሳይሆን እንደቆመ፣ አንተ ግን ሰው መጥቶ እጅህን ከመሪው ላይ እስኪያላቅቅልህ ድረስ እዚያው ደርቀህ እንደቀረህ። እኔ ሚስትህ ይህን ከሰው አፍ ልስማው? ሁለት ዓመት ሙሉ ከጎኔ እየተኛህ ብቻህን ተሸከምከው?

ስትመጣ ላነጋግርህ ወስኜ ነበር። አንተ ግን ያን ማክሰኞ ሳንጠብቅህ መጣህ። ደጃፍ ተቀምጬ ቁልፍ እየተከልኩ ነበር፤ ልጆቹ አጥሩ ሥር ይራገጣሉ። የከባድ መኪናህን ድምፅ ከሩቅ ለየሁት። ቀና ስል ኳሱ ከመሃላቸው ሾልኮ ወደ መንገዱ ይንከባለላል፤ ልጃችን ከኋላው ትሮጣለች። የፍሬንህ ጩኸት ሰፈሩን ሞላው። መርፌው ጣቴ ውስጥ መግባቱን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ቆመች። ጠርዙ ላይ ሁለት እግሯን ገጥማ ቆመች። ኳሱ ጎማህ ሥር ገብቶ ፈነዳ።

ዘለህ ወረድክና ክንዷን ይዘህ እየጎተትክ ቤት አስገባሃት።

"ልጄን ልታስጨርሺኝ ነው? ምን ብዬሽ ነበር?"

"ቆማለች እኮ! አላየህም?"

"ያየሁትን አይቻለሁ!"

"አባዬ፣ እኔ እኮ ኳሱ ይሂድ ብዬ..."

"ዝም በይ!"

ከተወለደች ጀምሮ ጮኸህባት አታውቅም። ወደ እኔ ዞረህ፣ "ዳግመኛ ብትወጣ እኔና አንቺ አበቃን" አልክና ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ሄድክ።

አንተ ያየኸው ኳሱን ነው። እኔ ያየሁት እግሯን ነው። ያንን ሕፃን ማንም አላስተማረው ይሆናል። የአንተ ልጅ ግን የምትወደውን ኳስ ለጎማ ሰጥታ መቆም ታውቃለች።

ያን ዕለት እራቷን አልበላችም። "አባዬ ጠላኝ?" አለችኝ። ፈርቶ ነው አልኳት። ጡሩምባ የነገረኝን አልነገርኳትም፤ እሱን ከአንተ አፍ ትስማው። ቆየት ብላ ደግሞ፣ "ድንቡሼ እያለ እንዳይጠራኝ ንገሪው፤ ክፍል ውስጥም እንደዚያ እያሉ ነው የሚስቁብኝ" አለች። እንዳይከፋህ ብላ ነው ይህን ሁሉ ጊዜ ውጣው የኖረችው። አየህ፣ ዝምታውን ከአንተ ወርሳለች።

ከዚያ በኋላ እትዬ መምህር በየበሩ ዞረው፣ እሁድ እሁድ ከሰዓት መንገዳችን ለመኪና እንዲዘጋ ጎረቤቱን ሁሉ አስማሙ። ባለፈው እሁድ አግዳሚ ወንበር ደርድረን ዘጋነው። እኔም አስወጣኋት፤ ከእኔው ስማው። ግን አንዱ ባለ ታክሲ ወንበሩን በመኪናው ገፍቶ ገባ፤ ልጆቹ ግድግዳ ላይ ተለጠፉ፣ የእናቶቹ ጩኸት ለጉድ ነበር። ቤት ስንገባ ልጃችን ስታሰላስል ቆይታ፣ "የአባዬን መኪና ግን ማን ይገፋዋል?" አለችኝ።

እንግዲህ ልመናችን ይኸው ነው። የፊታችን እሁድ ና። ካርቶን አትጫን፤ ባዶ እጅህን ና። መኪናህን መንገዱ አፍ ላይ አግድመህ አቁምልን። ብትፈራም መሪው ላይ ተቀምጠህ፣ ልጅህ ስትሮጥ እያት። ከዚያ በኋላ ልትቆጣኝ ከፈለግህ ተቆጣኝ፤ ቁጭ ብዬ እሰማሃለሁ።

ባትመጣም ትወጣለች። "አበቃን" ያልከውን ሰምቻለሁ፤ እንቅልፍ ነስቶኛል፤ በሩን ግን አልዘጋባትም። አንተ የምትቆምበት ቦታ ላይ እኔ እቆማለሁ።

እየፈራችም የምትወድህ፣
ሚስትህ