ለሁለት የሚረገጥ ጭቃ

ማሂ፣

ወደ ወገል ጤና፣ እናቴ ጋ ሄጃለሁ። ተኝተሽ ስለነበር አልቀሰቀስኩሽም።

ባጃጅሽን ከጋራዡ ግድግዳ አርቀሽ አቁሚ። እርጥበቱ ከመሠረቱ ተነስቶ መስኮቱ ጋ ደርሷል። ጓደኛሽ ዘመኑ የለሰነው ሲሚንቶ ውሃውን አፍኖ ወደ ላይ ሰደደው እንጂ አላቆመውም። እኔ ክረምቱ ሳይገባ «ከኋላ ቦይ እንቆፍር፣ በጭቃ እንለስን» ስልሽ ሳቅሽብኝ። እሱ ሲያወራ ግን አፍ አፉን ታዪው ነበር።

ይሁን።

ቦዩን ትናንት ብቻዬን ቆፍሬዋለሁ። አንቺ ሲሚንቶውን ከታች በኩል አራግፊው፤ ድንጋዩ አየር አግኝቶ ይድረቅ።

በእኔ ኩባያ ሻይ ስታቀርቢለት አይቻለሁ። ያኔ በሩን የዘጋሁበት አኳኋን ደግ አልነበረም።

ጓሮ በርሜሉ አጠገብ ጭቃ ከጭድ ጋር አቡክቻለሁ። አምና የጓዳውን ግድግዳ ስንለስን እጅ ለእጅ ተያይዘን ጭቃውን ስንረግጥ፣ አንቺ አዳልጦሽ እኔንም ይዘሽኝ ወደቅሽ። ጎረቤት እስኪሰማ ነው የሳቅነው።

ዘመኑ ልርዳ ካለ ድንጋይ ያቀብል።

ጭቃውን ግን ከእሱ ጋር እንዳትረግጪው። እስክመለስ ውሃ እያጠጣሽ አቆዪልኝ።

ፀደይ