ጭኔ ላይ የተለጠፈው ኤሌክትሪክ

ኅዳር 12፣ ሐሙስ ረፋድ
ከሱቁ በላይ ካለችው ክፍል

ይድረስ ለፌንጣዬ፣ ስትዘል ስትዘል ባሕር ማዶ ለገባችው የወንድሜ ልጅ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደኅና አይደለሁም፤ ጥፋቱም ያንቺ ነው። የላክሽልኝ የቤት ጫማ በተራመድኩ ቁጥር ሲጥ ይላል። ድሮ ሚስቴ ወጥ ቤት ሆና እኔ ወደ ስኳር ዕቃው ስሄድ አታውቅም ነበር። አሁን ገና ብድግ ስል "ወዴት ነው?" ትላለች። የላክሽልኝ ጫማ ሳይሆን ሰላይ ነው። ሁለተኛ ስትገዢ እዚያው ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ብለሽ፣ ጆሮሽን ጥለሽ ሞክሪው።

ለዚህ ብዬ ግን ብዕር አላነሣሁም። ባለፈው በስልክ "ጉልበትህ እንዴት ነው?" ስትዪኝ "ዳንስ ጀምሬያለሁ" ያልኩሽ ውሸት ነው።

ሐኪሞቹ ያረጀውን የጉልበቴን መገጣጠሚያ አውጥተው የብረትና የፕላስቲክ ተክተውልኛል። የተቃጠለ ሞተር ሲጠግን እንደኖረ ሰው ስመሰክር፣ ሥራው ግሩም ነው። ችግሩ ብረቱ ሳይሆን ከብረቱ በላይ ያለው የጭኔ ጡንቻ ነው። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ አኩርፎ ተኝቷል። "እግርዎን ቀጥ አድርገው ከአልጋው ያንሡ" ይሉኛል፤ አዛለሁ፤ ጭኔ የሰማ አይመስልም። ባለፈው ሳምንት ደረጃው ላይ ጉልበቴ በድንገት ከዳኝ። መደገፊያውን ባልይዝ ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልሽ ሌላ ሰው ነበር።

ሐኪም ቤት የምታሠራኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በዕድሜ ካንቺ ብዙ አትበልጥም። እኔ "ኮማንደር" እላታለሁ፤ እሷ "አባቴ" ትለኛለች። አንድ ቀን መዳፍ የምታህል ማሽን ይዛ መጣች።

"ይህቺ ጡንቻውን ትቀሰቅስልናለች፣ አባቴ።"

"በምን?"

"በኤሌክትሪክ።"

"ልጄ፣ እኔ እኮ ኤሌክትሪክ ሰው እንዳይነካ ስጠብቅ ያረጀሁ ሰው ነኝ።"

"ታዲያ ዛሬ ይተዋወቁዋ።"

ከማሽኗ ገመድ የወጡ ሁለት ልጣፎች ጭኔ ላይ ለጠፈች። መጀመሪያ ጉንዳን የሚሄድብኝ መሰለኝና ሣቅሁ። ከፍ አደረገችው። "አሁን እርስዎ ምንም አይሥሩ፤ ጡንቻው ራሱ ይጨብጣል" አለች። ጨበጠ። እኔ ሳላዝዘው ጭኔ ተሰብስቦ ድንጋይ ሆነ፤ ተረከዜም ከአልጋው ተነሣ። አላመመኝም። እኔ ግን ልጣፎቹን መንጭቄ ወረወርኳቸው።

"ምነው፣ አመመዎት?"

"ኮረኮረኝ" አልኳት።

አባትሽ እንዴት እንደሞተ ታውቂያለሽ። ውሃ የሞላው ምድር ቤት ውስጥ የውሃ መሳቢያ ሞተር ሊያወጣ ገብቶ ነው። የእጅ ባትሪ ይዤ በር ላይ የቆምኩት እኔ እንደሆንኩም ታውቂያለሽ። ያልነገርኩሽ ስለ እጁ ነው። ሰው ኤሌክትሪክ ሁልጊዜ አሽቀንጥሮ የሚጥል ይመስለዋል። አባትሽን አልጣለውም፤ ሽቦውን አስጨበጠው። ዐይኑን እኔ ላይ ተክሎ ጣቶቹን ሊፈታ ሲታገል አየሁት፤ ጣቶቹ ግን የሱ አልነበሩም። የሕንፃው ጠባቂ ሮጦ ዋናውን ማጥፊያ ሲያጠፋ እጁ ተፈታ። ሌላው ነገር ሁሉ ግን አልቆ ነበር።

እና ልጅቷ "ጡንቻው ራሱ ይጨብጣል" ስትለኝ ያየሁት ጭኔን አልነበረም።

አውቃለሁ፣ ምን ልትዪኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ማሽኗ በኪስ ባትሪ የምትሠራ ናት፤ ሰው አትገድልም። ሌላ ሰው ቢፈራ ኖሮ ቁጭ አድርጌ፣ ሥዕል ሥዬ የማስረዳው እኔው ነበርኩ። ዕውቀቴ ግን ከአንገቴ በታች አልወርድም አለ።

ማሽኗን ቤት ወስጄ በየቀኑ እንድጠቀምባት ሰጡኝ። ሚስቴ ተቆጣጣሪ ሆና ተሾመች፤ ማሽኗ ላይ ያለው ቁጥር ከፍ ማለቱን አጎንብሳ ታያለች። ስለዚህ ምን አደረግሁ መሰለሽ? ገመዱን ሱቅ አወረድኩና ኤሌክትሪኩን የምታደክም፣ ምስር የምታህል ሬዚስተር መሃሉ ላይ በየድኩበት። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ሽቅብ ይወጣል፤ ወደ ጭኔ የሚደርሰው ግን ያው የጉንዳኑ ነው። "ጎበዝ፣ ዛሬ ደግሞ ጨመርክ" ትለኛለች። እኔም ጥርሴን ነክሼ አቃስትላታለሁ። ዕድሌን በሞተር ጥገና ያባከንኩ ተዋናይ ነኝ።

ትናንት ግን ቀልዱ አለቀ። ኮማንደሯ ማሽኗ ላይ የተመዘገበውን ቁጥር አየች፤ ጭኔን በሜትር ለካች፤ እንደገና ለካች። ፊቷ ተለወጠ።

"አባቴ፣ ይህን ያህል ኤሌክትሪክ እየወሰዱ ጡንቻው እየቀጠነ ነው የሄደው።"

"እርጅና ይሆናላ።"

"እርጅና አይደለም። ነርቩ ተጎድቶ እንዳይሆን እፈራለሁ።"

ቀዶ ሐኪሙን ጠራችው። ከራስጌዬ ቆመው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተነጋገሩ። ሰው አጠገብሽ ሆኖ ድምፁን ሲቀንስ ምን እንደሚሰማሽ አላውቅም፤ እኔ እግሬ ከወዲሁ የሌላ ሰው ንብረት የሆነ መሰለኝ። የፊታችን ሰኞ መርፌ ጡንቻዬ ውስጥ ሰክተው ነርቩን ይመረምራሉ፤ ምናልባትም ጉልበቱን እንደገና ይከፍቱታል። ጡንቻው እንደተኛ ከከረመ ደግሞ አሁን የምደገፍበት ክራንች የዕድሜ ልክ ጓደኛዬ ነው። ሱቁ ያለው ከታች፣ እኔ ያለሁት ከላይ፤ ደረጃውን ካልወረድኩ ምን ሠርቼ እበላለሁ? እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። የወጣኝ ግን "ሜትሩን ከልብስ ሰፊ ነው የተዋስሽው?" የሚል ነበር። አልሣቀችም።

ዛሬ ጥዋት ሚስቴ ገበያ እንደወጣች ሬዚስተሯን ነቅዬ ጣልኳት፤ ገመዱንም እንደነበረ ቀጠልኩት። ልጣፎቹ ይኸው ጭኔ ላይ ናቸው። ማሽኗ በግራዬ፣ ብዕሩ በቀኜ። ቁልፏን ልጫን እልና "እስቲ መጀመሪያ ይህን መስመር ልጨርስ" እላለሁ። ይህን የሚያህል ደብዳቤ የጻፍኩልሽ ስለናፈቅሽኝ ብቻ እንዳይመስልሽ። ናፍቀሽኛል ግን።

ማሽኗ ትገድለኛለች ብዬ አይደለም። ጭኔ ሲጨብጥ የአባትሽ ዐይን ይመጣል። ብቻዬን ሆኜ እንዲመጣብኝ አልፈልግም፤ ደግሞም ሰው ባለበት እንዲመጣብኝ አልፈልግም። እንግዲህ ለዚህ ምን ዓይነት ክኒን እንዳለ እዚያ ያሉትን አዋቂዎች ጠይቂልኝ።

አደራ፣ ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ። አባትሽ ከሞተበት ቀን ወዲህ የሱቃችንን ደፍ ረግጣ አታውቅም። ወደዚህ ክፍል መውጫው በዚያ በኩል ብቻ ነው፤ ግድግዳው ሁሉ ሽቦ ነው። እኛ እንሄድላታለን እንጂ እሷ አትመጣም። ቤቷ አምፖል ሲቃጠል እንኳ ጎረቤት ይቀይርላታል፤ እሷ እስኪያልቅ ደጅ ትቆማለች። ይህን ብትሰማ...

ቆይ፣ ደረጃው ላይ ሰው አለ። ሚስቴ አይደለችም፤ እሷ ደረጃውን እየረገመች ነው የምትወጣው። ይህኛው ቀስ ይላል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይወጣል።

አንኳኳ። "ማነው?" አልኩ።

"እኔ ነኝ። ክፈት።"

እናትሽ ናት። ፌንጣዬ፣ እናትሽ ናት።

"እትዬ፣ በሱቁ በኩል ነው የመጣሽው?"

"በየት ልምጣ ታዲያ፣ በመስኮት? ሚስትህ ናት የላከችኝ። ያን ገመድ ስትበይድ አይታሃለች። ዛሬ ይተዋል፣ ነገ ይተዋል ብላ ዝም አለች። ትናንት ከሐኪም ቤት ስትመጡ ግን ፈራች።"

"መጣሁ፣ አንዲት መስመር ልጨርስ።"

"ጨርስና ክፈት፤ እዚህ ሽቦ መሃል አታቁመኝ።"

ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። ልጣፎቹን ልነቅላቸው ነበር፤ ተውኩት። እንዳሉ ሆነው ሄጄ እከፍትላታለሁ። ታየኛለች። ከዚያ አጠገቤ እንድትቀመጥ እለምናታለሁ፤ ከተቀመጠችልኝ ቁልፏን እጫናለሁ። እንቢ ብላ ከወረደች ግን ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። መንገድሽ ይቃናልሽ። እጅሽ የያዘውን ሁሉ ልቀቅ ባልሽው ጊዜ የሚለቅ ይሁን።

እየፈራ ሊከፍት የተነሣው
አጎትሽ