ጠዋት ብዬ የጻፍኩብዎ ክኒን

አባዬ፣ የት ይድረስዎ ብዬ እንደምልከው ሳላውቅ ወረቀት ይዤ ተቀምጫለሁ። ከተለዩን አሥራ አንድ ወር ሆነ። ሙት ዓመትዎ ስለተቃረበ እማዬ ጌሾ ማስጣት ጀምራለች። የቆሎ ተማሪዎችዎ ሌላ መምህር ፍለጋ ወደ ስማዳ ተሻገሩ፤ ጎጆዎቻቸው ባዶ ቀሩ። የጓሮው ገብስ ግን ደህና በቅሏል።

ታናሽ ወንድምዎ አያ ሙላት ታመሙብን። እንደ እርስዎ ደረታቸውን ሲይዛቸው ባሕር ዳር ወሰድናቸው፤ ሐኪሙ አዲስ አበባ ሄደው እንደ እርስዎ የጠበበውን የልብ ደም ሥር የሚከፍተው ስቴንት ይግባላቸው አለ። እሳቸው ግን ያ ብረት ወንድሜን በልቶታል፣ እኔን አያገኘኝም ብለው ወደ አገራችን አርብ ገበያ ተመልሰው ገቡ። እማዬም ደገፈቻቸው። አገሩ ሁሉ የሚያወራው ይህንኑ ነው፤ እኔም አሥራ አንድ ወር ሙሉ አፌን ይዤ ሰማሁ።

አዲስ አበባ ለእርስዎ ያስገባልዎ ሐኪም ያችን ትንሽ የሽቦ ቱቦ ያሳየን ቀን ትዝ ይለኛል። ስኳር ስላለብዎና ልብዎ ስለደከመ ባዶው ሽቦ ቶሎ መልሶ ይጠብብዎታል፣ መድኃኒት የተቀባው ይሻላል አለ። የተቀባውን ግን ሥጋ ቶሎ አይሸፍነውም፤ ደም እንዳይረጋበት የሚውጡት ክኒን ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አይታለፍም ብሎ አስጠነቀቀን። እርስዎም ከተቀባ አይቀርስ ሜሮን ነበር ብለው ሐኪሙን አሳቁት። እውነትም ተሻለዎት። ዳገቱን መሐል ላይ ሳያርፉ ወጡት። ስድስት ወር ከቅዳሴ አርፈው፣ በፍልሰታ መግቢያ ወደ መቅደስ ሲመለሱ ድምፅዎን ሰምቼ ከደስታ ብዛት አለቀስኩ።

ጾሙ በገባ በአሥረኛው ቀን ደረትዎ መልሶ ያዘዎት፤ ንፋስ መውጫ ሳናደርስዎ አረፉ።

አባዬ፣ መድኃኒት ቤት የምሠራው እኔ ልጅዎ በክኒኑ ካርቶን ላይ በገዛ እጄ በየቀኑ አንድ፣ ጠዋት ብዬ ጽፌ ነበር። ሐኪሙ ያለው በቀን አንድ ብቻ ነው። ጠዋት የምትለዋ የእኔ ጭማሪ ናት፤ ለሁሉም ሰው በልማድ የምጽፋት። የቄስ ልጅ ሆኜ ሳለ ልብ አላልኩም። የሚቀድስ ካህን ቅዳሴው እስኪፈጸም ውኃ እንኳ ወደ አፉ አያደርስም፤ በፍልሰታ ደግሞ ቅዳሴው በየቀኑ ነው፣ እርስዎም አንድ ቀን አልቀሩም። ከተጻፈ ፊደል አይነቀልም፣ አይጨመርም እያሉ ዕድሜ ልክዎን ያስተማሩ ሰው ነዎት። ጠዋት ከተባለ ጠዋት ነው፤ ጠዋቱ ካለፈ የዚያ ቀን ክኒን ቀረ። ከቀብሩ በኋላ ካርቶኑን ከመጽሐፍ ማኅደርዎ ውስጥ አገኘሁት፤ ብቆጥረው ጾሙ ከገባበት ዕለት ጀምሮ አንዱም አልተነካም። ምናለ አንዲት ቃል ቢጠይቁኝ? በእርስዎ እናደዳለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ንዴቱ ወደ ራሴ ይዞራል።

ሐኪሙን ደውዬ ጠየቅሁት። እንደ እርስዎ በደከመ ልብ ላይ ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ብሎ መማል አይቻልም፣ ክኒኑን ማቋረጥ ግን ክፉ ነው አለኝ። እንግዲህ አገር ሁሉ ብረቱን ሲከስስ እውነቱን እያወቅሁ ነው ዝም ያልኩት። ፈርቼ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

የአያ ሙላትን ፊት እያየሁ ግን ዝምታው አልሆንልሽ አለኝ። ባለፈው እሑድ ለእሳቸውም ለእማዬም ሁሉን ነገርኳቸው። እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች፤ እስከ ዛሬ አላናገረችኝም። አያ ሙላት አዲስ አበባ እሄዳለሁ አሉ፤ ክኒኑን ግን ከአንቺ እጅ በቀር አልቀበልም፣ ያጠፋሽበትን ታውቂዋለሽ አሉኝ። ማክሰኞ እንነሳለን።

ከእንግዲህ መድኃኒት ቤት የመጣን ሰው መቼ እንደሚቀድስ፣ መቼ እንደሚቆርብ፣ በስንት ሰዓት እህል እንደሚቀምስ ሳልጠይቅ ሰዓት አልጽፍም። ዕድሜ እስከሰጠኝ ድረስ እርስዎን የማስበው እንዲህ ነው።

ሰው ሁሉ መስቀልዎን ተሳልሞ ይፍቱኝ ሲልዎ እኔ ልጅ ነኝ ብዬ እያለፍኩ ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን እላለሁ። አባቴ፣ ይፍቱኝ።