ከሻላ ደሴት አልነሳም ያልኩበት እሑድ

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

እንዴት ሰነበቱ? እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ያ የክረምት ሳል ለቀቀዎት? ቤቱስ፣ ከብቱስ፣ ጎረቤቱስ ሰላም ነው? እኔ እዚህ አሰላ ከነልጄና ከነባለቤቴ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አባባ፣ ሌላ ጊዜ ጤናዎን የምጠይቀው ለወጉም ጭምር ነበር፤ ዛሬ ግን መልስ ፈልጌ ነው።

ወደ ሞጣ ስልክ አልገባ ካለኝ ሦስት ወር ሆነ። ስለዚህ እንደ ድሮው ብዕር አነሳሁ። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር መሆኔን እንኳ ሳልነግርዎት ሆዴ ከእኔ ቀድሞ በር የሚገባ ሆኗል። ትንሳኤ ስምንት ዓመቷን ይዛለች፤ ትምህርቷ ላይ ጎበዝ ናት፣ ምላሷ ግን ከትምህርቷ ይቀድማል።

ባለፈው እሑድ ፍቅረማርያም ሻላ ሐይቅ ውስጥ ያለች አንዲት ደሴት ልናይ እንሄዳለን አለ። አማችዎን ያውቁታል፤ እሑድ ለእሱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የተማሪ ደብተር ማረሚያ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ትዳራችን አብረን የሄድነው ሩቅ መንገድ በቆጂ ነው፣ እሱም ለለቅሶ ነበር። ታዲያ ሰው እንዲህ ካለ ወትሮው ደግ ሲሆን እኔ አልወድለትም። እርስዎስ ቢሆኑ «ይቺ ልጅ ወተት ሲሰጧት መጀመሪያ ላሟን አሳዩኝ ትላለች» እያሉ ይስቁብኝ አልነበር?

በጎረቤቶቻችን በራቢያና በባሏ በአክመል ሚኒባስ ተነሳን። ገና ኦጎልቾ ሳንደርስ ፍቅረማርያም ስልኬን ውሃ እንዳይነካብሽ ብሎ ወስዶ ኪሱ ከተተው። ውሃው ያለው የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ነው! ራቢያ ደግሞ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ በቅቤ ስታሸው የዋለችውን የገብስ ጭኮ ከፍታ ብዪ፣ ብዪ፣ አንቺኮ ለሁለት ነው የምትበይው ትለኛለች፤ ዓይኔን ግን አታይም። ባቱ ከተማን አልፈን የቆላው ሙቀት ሹራባችንን ሲያስወልቀን፣ ለባሏ ዝቅ አድርጋ በኦሮምኛ «አማፍ ኢቲ ሂን ሂሚን» አለችው። ለጊዜው አትንገራት ማለቷ ነው። በሆስፒታል ካርድ ክፍል ስንት ዓመት ከገበሬው ጋር ስነጋገር እንደኖርኩ ረስታዋለች። እኔም እንዳልሰማ ሆኜ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ።

አባባ፣ መርዶ እንዴት እንደሚነገር እኔን ማንም አያስተምረኝም። አምና አብራኝ የምትሠራው ዳናዊት ወንድሟ ሲሞትባት ምሳ የጋበዝኳት እኔ ነበርኩ። ፎቶ ልይ ብዬ ስልኳን የወሰድኩባት እኔ ነበርኩ። ፊትሽ ምን ሆኗል ስትለኝ፣ ሁሉም ደህና ነው ብዬ በእመቤቴ የማልኩላት እኔው ነኝ። ሆዷ እህል መቅመሱን ካረጋገጥን በኋላ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከእድሩ ሰዎች ጋር በሯን አንኳኳን። ስለዚህ ሚኒባሱ ውስጥ የማየውን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ ሟቹ ማን እንደሆነ ብቻ ነው የማላውቀው።

ሐይቁ ዳር ደረስን። ዳርቻው ጨው የተነሰነሰበት ይመስል ነጭ ነው፤ ውሃው እጅ ላይ እንደ ሳሙና ያሟልጫል። ትንሳኤ ቀምሳው ምራቋን ስትተፋ ሁሉም ሳቀ፤ የእነሱ ሳቅ ግን ቶሎ አለቀ። ኦብሳ የሚባል ሰው በሞተር ጀልባ ደሴቷ ላይ አደረሰን። ቋጥኝና የወፍ ኩስ ናት፤ ትልልቅ ነጭ ወፎች ሰው መጣብን ብለው ይንጫጫሉ። ኔትወርክ የሚባል የለም። ለዚህ ነው የመረጡት አልኩ በሆዴ።

ጭኮው እንደገና ቀረበ። እምቢ አልኩ። ዳቦ አሉኝ፣ እምቢ። ሙዝ አሉኝ፣ እምቢ። እህል እስካልቀመስኩ ድረስ አይነግሩኝም፣ እስካልነገሩኝ ድረስ ደግሞ የሞተ የለም ብዬ ነው፤ ሞኝነቴን ይዩልኝ። ከሰዓት በኋላ ኦብሳ ነፋሱ ሳይነሳ እንመለስ ሲል፣ ቋጥኙ ላይ ተደላድዬ ተቀምጬ እውነቱን ካልነገራችሁኝ አልነሳም አልኩ። ፍቅረማርያም ተቆጣ፣ ለመነ፣ ደግሞ ተቆጣ። አክመል በሆድሽ ባለው ልጅ ይዤሻለሁ፣ ተነሺ አለኝ። ውሃው መናወጥ ሲጀምር ራቢያ አለቀሰች፤ ያኔ ባለቤቴ አጠገቤ ተንበርክኮ ተናገረ።

ከሞጣ እየመጣ የአገር ልብስ የሚሸጠው ዮፍታሔ ነው አሉ ወሬውን ያመጣው። እርስዎ በገና በዓል ሰሞን ታመው በቃሬዛ ተነስተው ወደ ባሕር ዳር ሲወሰዱ አይቷል፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን አያውቅም። እሑድ ቤቴ ድረስ መጥቶ ሊጠይቀኝ ስላሰበ፣ ወሬው ከአፉ እንዳያመልጠው ብለው እኔን ከቤት አወጡኝ። ነፍሰ ጡር አትደንግጥ ብለው ነው። ሌላ የደበቅነው የለም ብሎ በመድኃኔ ዓለም ማለልኝ።

ተነስቼ ጀልባው ላይ ወጣሁ፤ ላምነው ፈልጌ ነበር። ግን እኔስ ለዳናዊት ምዬ አልነበር? ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ነጠላዬን ለብሼ በሩን ትይዩ ተቀመጥኩ። የመጣችው ወተት የምታደርስልን ኤፊ ብቻ ናት። ደስ ሊለኝ ሲገባ እሷንም ጠረጠርኳት። ምናልባት እስክወልድ እየጠበቁ ይሆናል። ትናንት ዮፍታሔን መናኸሪያ ይዤ ስጠይቀው ያንኑ ቃል ደገመልኝ፤ ዓይኑን ግን ሰበረ። አሁን ከባለቤቴም ከጎረቤቴም ጋር ተኳርፌ፣ እንጀራ እየበላሁ የማንንም ፊት ሳላምን እውላለሁ። ፈርቻለሁ አባባ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንዎት። ለሚወለደው ልጅ ስም ያውጡልኝ። በሌላ ሰው አያጽፉት፣ በራስዎ እጅ ይጻፉት። እርስዎ ብዕር ሲጫኑ ወረቀቱ በጀርባው ያብጣል፤ ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ብዳስሰው አውቀዋለሁ። አንዲት ቃል ትበቃኛለች። መጻፊያ ወረቀት አብሬ አጥፌ ልኬአለሁ።

ይርሳው ወንድሜ፣ ይህን የምታነበው አንተ ከሆንክ እንደ አባባ አስመስለህ እንዳትጽፍልኝ። አታጽናናኝም። ያንኑ ወረቀት ባዶውን መልስልኝ፣ ይገባኛል።

ለይርሳው ሰላምታዬ ይድረሰው። ለባለቤቱ ለሮሐ፣ እርስዎን ስለምታስታምም እጇን ስሜአለሁ ይበሉልኝ። የልጆቿን የእያንዳንዳቸውን ጉንጭ ይሳሙልኝ። ፍቅረማርያም እጅ ይነሳል። ትንሳኤ አያቴ ደሴቷን ይያት ብላ ወፎቹን ሥላልዎታለች፤ ሥዕሉን ከወረቀቱ ጋር ያገኙታል። እኔ ጉልበትዎን እስማለሁ።

ስሙን የምትጠብቅ ልጅዎ፣
አይናለም

አሰላ፣ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.